ከኮምቦልቻ ድልድይ እስከ ተንዳሆ፦ የቦርከናና የጨፋ ጉዳይ

ጥር ላይ ቦርከና ትንሽ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ያየው ሰው በበጋ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቢመለከት ያው ወንዝ መሆኑን ይጠራጠራል። ልጆች ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ይሻገሩታል። ሽታው ግን ከክረምቱ ይብሳል። ባጃጁም፣ ጭነት መኪናውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

እኔ ያደግኩት እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። አሁን ደግሞ እዚሁ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ይህን ወንዝ ከላይ ወደ ታች ስንከተለው ቆይተናል። እዚህ የምጽፈውም እሱን ነው፤ በዓይናችን ያየነውን፣ ከሰው የሰማነውንና ሌሎች አጥንተው ያስቀመጡትን።

ቦርከና መጨረሻው አዋሽ ነው። ስለ አዋሽ የዱር እንስሳት ሲወራ ሁላችንም ሐሳባችን ወደ ቆላው ነው የሚሄደው። ጉማሬ፣ አዞ፣ ሳላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የአዋሽ ፓርክ። ወይም ደግሞ ተንዳሆ፣ በበረሃ መሐል የተኛው ያ ትልቅ ግድብ። ጥበቃ ሲባልም ጠባቂ መቅጠር፣ አዳኝ መያዝ፣ ድንበር ማካለል ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ወንዙን እየተከተልኩ ስወርድ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። የበረሃው ወንዝ ጉዳይ እኩሌታው የሚያልቀው በረሃ ሳይደርስ ነው፣ ደጋ ላይ፣ በእኛ ከተማ ቱቦዎች ውስጥ።

መንገዱን ላሳያችሁ። ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ይነሳል። ደሴን ያቋርጣል፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ ይወጣል፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው የሚወርደው በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ይሮጣል፣ ያገኘውንም ሁሉ ይዞ ይሮጣል። ኮምቦልቻ ላይ ልዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትንንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል። ከሐርቡ በታች ግን መሬቱ ድንገት ይለጥጣል። ውሃው መሮጡን ትቶ ይተኛል። ጨፋ የሚባለው እሱ ነው። ከ1400 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ከሚሴ ድረስ የተዘረጋ ረግረግና የሣር ሜዳ። ቦርከና ከዚያ ወጥቶ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ በላይ ጀምሮ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ተንዳሆ ላይ ይገደባል፣ አሳይታን አልፎ፣ በስተመጨረሻ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይተናል። ውሃው ይተናል እንጂ የያዘው ነገር አብሮት አይተንም። ባሕር የሚገባ ወንዝ የተሸከመውን ባሕር ላይ ይጥላል። አዋሽ ግን ሁሉንም እዚያው ነው የሚያስቀምጠው፣ ግድቡ ውስጥ፣ ሐይቁ ውስጥ፣ ጭቃው ውስጥ።

ስለ ጨፋ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው።

ጨፌ በኦሮምኛ እርጥብ ለምለም መስክ ማለት ነው፤ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትም እንደዚህ ያለ መስክ ስለነበር ቃሉ ለጉባኤም መጠሪያ ሆኗል። ጨፋን በኅዳር ያየ ሰው ለምን እንደዚህ እንደተባለ ይገባዋል። ዙሪያው ተራራ ደርቆ ቡናማ ሲሆን መሐሉ አረንጓዴ ነው። ዳር ዳሩን ቄጠማ፣ ገባ ሲባል ፊላና ደንገል፣ መሐል መሐሉ ላይ ሰማይ የሚታይበት ውሃ። ለበዓል ቤታችን ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየትም አይደለም የሚመጣው፣ እንደዚህ ካለ ቦታ ነው። ጋጋኖ እየጮኸ ያልፋል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በየትኛውም አገር የማይገኝ ወፍ ነው፣ እኛ ግን ድምፁን ስለለመድነው ቁም ነገር አናደርገውም። ሳቢሳ ከብት ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ይብራ ፊላው ውስጥ ይደበቃል። ጭራዋን እየወዘወዘች በከብቱ እግር መሐል የምትሯሯጥ ቢጫ ትንሽ ወፍ አለች፤ ተማሪዎቼ የጨፋ ልጅ ናት ብለው ይምሉ ነበር። ከአውሮፓና ከእስያ በርራ መጥታ እኛ ጋ የምትከርም እንግዳ መሆኗን ስነግራቸው አላመኑኝም። ነጩ ሽመላም እንዲሁ ነው፣ ጎጆውን አውሮፓ ጣሪያ ላይ ሠርቶ የዚያን ብርድ ሸሽቶ ወደ እኛ የሚወርድ። የእኛ ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ የወፍ መንገዶች አንዱ ናቸው። ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ላይ የሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች፣ ንስሩም ሽመላውም ጥንብ አንሳውም፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው በዚህ መስመር በየዓመቱ ያልፋሉ። ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አይችሉም፣ ሙቀት የሚነሳበት መሬት ይፈልጋሉ። መንገዱ ረጅም ነው፣ በረሃው ሰፊ ነው፣ ውሃ ያለበት ማረፊያ ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ረግረግ ምን ይሠራል የሚለውን። ይህን ለተማሪዎቼ በላስቲክ ጠርሙስ ነው የማሳያቸው። የደፈረሰ ውሃ ሞልተህ ብትነቀንቀው እንደደፈረሰ ይቆያል። ዝም ብለህ ብታስቀምጠው ከሥሩ ጭቃ ይዘቅጣል፣ ከላይ ይጠራል። ጨፋ የተቀመጠ ጠርሙስ ነው። ፊላውና ደንገሉ ውሃውን ያዘገዩታል፤ ውሃው ሲዘገይ አፈሩ ይዘቅጣል፤ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ከመጸዳጃና ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተክሎቹ ምግብ ያደርጉታል። ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የበሰበሰውን ይበላሉ። እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ብረቶች ደግሞ አየር በሌለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ይታሰራሉ። ልብ በሉ፣ ይታሰራሉ እንጂ አይጠፉም። ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ናቸው የሚታሰሩት። ረግረጉን አድርቀህ ስታርሰው አየር ይገባዋል፣ ያኔ የታሰረው ሊፈታ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጨፋን ማድረቅ ማለት ማጣሪያ ማጣት ብቻ አይደለም፣ ለዓመታት የተጠራቀመውን መልሶ መልቀቅም ነው።

እና ከላይ ምን ይመጣል?

በመጀመሪያ ከደሴ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ ነው፣ ተዳፋት ላይ። በየፈፋው የተጣለው ቆሻሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቦርከና ይገባል። ቀጥሎ እኛ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ በዚህም እንኮራለን፣ እኔም እኮራለሁ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ሥጋው፣ ብረታ ብረቱ ስንቱን ቤተሰብ አስተምሯል፣ የእኔንም ጭምር። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የእያንዳንዱ ፍሳሽ ግን የየራሱ ጠባይ አለው። ቆዳ ማልፊያው ክሮሚየም ይጠቀማል። ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው የሚለበጠው በዚንክ ነው። ጨርቅ ማቅለሚያው ቀለምና ጨው አለው። ቢራና ቄራ ደግሞ መርዝ ባይሆኑም የሚበሰብስ ነገር ይለቃሉ፣ እሱ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣም ነፍሳትም ታፍነው ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ተመራማሪዎች ልዮሌና ወርቃ ላይ ናሙና እየወሰዱ ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ለክተዋል። ከፍተኛው ክሮሚየም ከቆዳ ፍሳሽ፣ ከፍተኛው ዚንክ ከብረታ ብረት ነበር የመጣው። ሌላው ቁም ነገር፣ እነዚህን ብረቶች በየጊዜው እየለካ የሚቆጣጠር አቅም አለመኖሩም አብሮ ተጽፏል።

እኛ ላቦራቶሪ የለንም። ድንጋይ ግን አለን። ከከተማው በላይ ወንዙ ውስጥ ገብተህ ድንጋይ ብትገለብጥ ሥሩ ተጣብቀው የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ታገኛለህ፤ ሦስት ቀጭን ጭራ ያላቸው፣ ጎናቸው ላይ እንደ ላባ የሚርገበገብ መተንፈሻ ያላቸው። እነዚህ ንጹሕ ውሃና ብዙ ኦክስጅን ካላገኙ አይኖሩም። ከከተማው በታች ያንኑ ዓይነት ድንጋይ ስንገለብጥ የምናገኘው ቀይ ትል ነው። ቀይ የሆነው ደሙ እንደኛ ደም ኦክስጅን መያዣ ስላለው ነው፣ ለዚህ ነው አየር ባጠረው ውሃ ውስጥ የሚኖረው። አንዲት ተማሪዬ ሁለቱን ድንጋይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ ዝም ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ በመሐላቸው የእኛ ሰፈር ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። እኔ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ያየሁት ካለንደር ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው።

ፋብሪካ ወቅት የለውም። ክረምትም በጋም የሚለቀው ፍሳሽ ተመሳሳይ ነው። ወንዙ ግን ወቅት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦርከና ትልቅ ስለሆነ የተጣለበትን ያቀጥነዋል፣ ጠርጎም ይወስደዋል። ከኅዳር ጀምሮ ይቀንሳል፣ ጥርና የካቲት ላይ ውሃው ጭል ጭል ይላል፣ ፍሳሹ ግን ያው ነው። ስለዚህ በበጋ ልዮሌ ውስጥ የሚወርደው አብዛኛው ወንዝ ሳይሆን ፍሳሽ ይሆናል። እና በዚያው ወራት ማን ነው ወደ ጨፋ የሚመጣው? በአንድ በኩል ወፎቹ፣ ከሰሜኑ ብርድ ሸሽተው። በሌላ በኩል ከብቱ፤ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደር ቆላው ሲደርቅበት መንጋውን እየነዳ ወደ ጨፋ ይወጣል፣ ከአባት ከአያት ጀምሮ። ቦርከና ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጣው ገበሬም ወንዙን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ውሃው ከዓመቱ ሁሉ በጣም ትንሽና በጣም ቆሻሻ በሆነበት ወር ከዓመቱ ሁሉ በጣም ብዙ ነፍስ ይጠጣዋል። ዓመታዊ አማካይ የሚባል ቁጥር ይህን ይደብቀዋል። ክረምቱንና በጋውን ደምረህ ስታካፍለው ወንዙ ብዙም የታመመ አይመስልም። ጥር ላይ የሚጠጣው ወፍ ግን አማካዩን አይደለም የሚጠጣው።

አንድ ቀን ጨፋ ውስጥ ከአንድ አፋር ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን ስንጫወት ነበር። «አባቴ፣ ከብቱ ይህን ውሃ ይጠጣል?» አልኳቸው። «ሌላ ካለ አይጠጣም። ከሌለ ይጠጣል» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ ድሮ እዚህ ሲመጡ ከውሃው ዳር እስከ መንገዱ ድረስ ሣር እንደነበረ፣ አሁን ግን በሁለቱ መሐል እርሻ እንደገባ፣ መንጋቸው ሰብል እንዳይነካ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው እንደሚያድሩ አጫወቱኝ። እኔ የመጣሁት ስለ ወፍ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን የነገሩኝ ስለ ወፉም ነው፣ ወፉና ላሙ የሚፈልጉት አንድ ሣር ነውና።

ጨፋ እየጠበበ ነው። በተለያየ ዘመን ሰፋፊ እርሻዎች ገብተውበታል፣ አሁን ደግሞ ብዙ ትንንሽ እርሻዎች። ቦይ ይቆረጣል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ወይም በቆሎ ወይም ሽንኩርት። ገበሬውን አልወቅስም። መሬቱ ጥቁርና ለም ነው፣ ልጁ ደግሞ መሬት የለውም። ቅንጭ አረሙም አለ፤ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ብዙዎች የሚያምኑት ያ ነጭ አበባ ያለው አረም፣ ከብት አይበላውም፣ ቢበላው እንኳ ወተቱን ያመርረዋል፣ የነቀለውን ሰው እጅ ያሳክከዋል።

ከታችም ግፊት አለ። ብዙ ሰው ወያኔ እያለ የሚጠራው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ አፋር የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው፣ ጥላ እንዲሆንና አፈር እንዲይዝ ተብሎ። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። አብዛኛው የያዘውም የአዋሽን ዳርቻ ነው፣ ማለትም የበጋውን ግጦሽ። ከብቱ ጣፋጭ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ ግን አይፈጭም፣ ከእበቱ ጋር ወጥቶ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ ይበቅላል። እንዲህ ሲሆን አርብቶ አደሩ ቀድሞ ይወጣል፣ ብዙ ሆኖ ይወጣል፣ ዘግይቶ ይመለሳል። ወጥቶም የሚያገኘው የጠበበ ጨፋ ነው። ከዚያ ሰውና ሰው ይጣላል። በዜና የምንሰማው ጥሉን ብቻ ነው። ከጥሉ በስተጀርባ ያለውን ቦይና ዛፍ የሚነግረን የለም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፦ አርብቶ አደሩን የጨፋ ጠላት አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ይከፋኛል። ጨፋ ለዘመናት ሣር ሆኖ የቆየው እሱ እየመጣ ስለሄደ ነው፣ ሲጋጥ ከርሞ ሲሄድ ስለሚያርፍ ነው።

ባለፈው ዓመት በባቲ አድርገን ሚሌ፣ ከሚሌ ሎጊያ ወርደን ተንዳሆን አየን። ባቲ የደረስነው ሰኞ ስለነበረ ገበያው ሞልቷል፣ ግመሉም ጨው ነጋዴውም፣ አማራውም ኦሮሞውም አፋሩም አንድ ላይ። ከባቲ በታች ሙቀቱ ይመታሃል። ከዚያ ሁሉ ደረቅ ድንጋይ በኋላ ያ ውሃ ሲታይ ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ዝም ይላል። ግድቡ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፣ 60 ሺህ ሄክታር ሸንኮራ ያጠጣል ተብሎ። ለእኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነበር። ቆሮሶውና አምባዛው ገብቶበታል፣ ወጣቶች መረብ ይዘው ያጠምዳሉ፣ አዞውም አለ። ሰው የሠራው ውሃ ነው፣ ግን ሕይወት አልጠየቀም ማን ሠራው ብሎ፣ መጥቶ ገባ።

ግድብም እንደ ጨፋ የተቀመጠ ጠርሙስ ነው፣ ውሃ የሚያርፍበት። ከላይ የመጣ አፈር ሥሩ ይዘቅጣል፣ የመያዝ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከላይ አዋሽ ላይ ያለው የቆቃ ግድብም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በደለል እየተሞላ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ጨፋ ላይ ፊላ አለ፣ ተንዳሆ ላይ የለም፤ የሚይዘውን የሚበላለት ተክል የለውም። ከተንዳሆ በታች ደግሞ አቤ አለ። ከላይ ውሃው ለመስኖ በተወሰደ ቁጥር አቤ ይሸሻል፣ ጨዋማው ዳርቻ ይሰፋል፣ እዚያ ጨዋማ ውሃ ላይ የሚመገቡት ፍላሚንጎዎችም ያላቸው ቦታ ያው የተረፈው ነው። ግድቡ ዳር ቆሜ ሳስበው፣ እዚህ የሚዋኘው ዓሣ እኛ ኮምቦልቻ የምንለቀውን ላለመጠጣት ከቦርከና በኩል ያለው አንድ መከታ ጨፋ ነው።

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ሕግ የለም ብሎ ስለሚያስብ። አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አስቀምጧል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ ለእኔና ለእናንተ ትልቅ በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይኖርበት ብክለት አድራሹ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሽታው የረበሸው ጎረቤት ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሽመላው የሚቆረቆር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወላጅም ይችላል። ይህን ሳነብ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

በተግባር ግን ቀላል አልሆነም። አንድ ቢሮ ሄድን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ነገ ኑ ተባልን። ነገ ሄድን፣ ጉዳዩ የሌላ ቢሮ ነው ተባልን። አንድ ፋብሪካ በር ላይም ቆመን ፍሳሹ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበትን ማጣሪያ ለተማሪዎች አሳዩን ብለን ለምነን ነበር፣ ጥበቃው በትሕትና መለሰን። ሌላ ፋብሪካ ግን አስገባን፣ ይህንም መናገር አለብኝ። ባለሙያው እየዞረ አሳየን፣ ገንዳዎቹን፣ አየር የሚነፋውን ማሽን፣ እና መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንደሚቆም፣ ሲቆም ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ እንደሚሞቱ ነገረን። ማጣሪያ አለ ማለትና ማጣሪያው ሠርቷል ማለት ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን የተማርኩት ከእሱ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው ወቅቱን የተከተለ ደንብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ፍሳሽ የሚለቅ ሁሉ ከክረምቱ ጠበቅ ያለ ልክ ይኑረው፤ ወይም በነዚያ ወራት በኩሬ አጠራቅሞ ይያዝ፣ ወንዙ ሲሞላ አጣርቶ ይልቀቅ። የኩሬ ወጪ ብዙ አይደለም፣ መሬት ነው የሚፈልገው። ክሮሚየሙ ደግሞ ወንዝ ዳር ሳይሆን እዚያው ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ መያዝ አለበት፤ ውሃውን በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ አሲድነቱን ሲያጠፉት ክሮሚየሙ ይዘቅጣል፣ ዘቅጦም ተመልሶ ለሥራ ይውላል፣ ባለቤቱም ይጠቀማል። የሚበሰብሰውን ፍሳሽና የመጸዳጃውን ውሃ ግን ፊላ ራሱ ሊረዳን ይችላል። ከኮምቦልቻ በታች ልዮሌ ቦርከና ከመግባቱ በፊት ፊላና ደንገል የተተከለባቸው ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች ቢሠሩ፣ ጨፋ በተፈጥሮ የሚሠራውን እኛ ቀድመን እንሠራለታለን። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። እዚህ ደግሞ ሙቀቱ ስላለ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል።

ጨፋ ላይ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የቀረው ረግረግ ላይ አዲስ ቦይ እንዳይቆረጥ። የተቆረጠውን ድፈኑ አላልኩም፣ የሚበላ ሰው አለበት። ሁለተኛው፣ የከብት መውረጃ መውጫ መንገድ በስምምነት ይከፈት፣ ሽማግሌዎቹ ስለሚያውቁት ካርታ የሚሠራ ሰው አያስፈልግም፣ እነሱን የሚሰማ ነው የሚያስፈልገው።

የልኬቱ ውጤት ደግሞ ይለጠፍ። ልዮሌ ላይ፣ ወርቃ ላይ፣ ሐርቡ ላይ በየወሩ ተለክቶ ሰው በሚያነበው ቦታ በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ። ሰላጣ የምትገዛው እናት ማወቅ አለባት፣ መንጋ የሚነዳው ሰው ማወቅ አለበት። የመኸር ዋጋ፣ የዶላር ዋጋ በየቀኑ እንሰማለን። የምንጠጣው የወንዝ ልክ ለምን አይነገረንም?

ተማሪዎቼ ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉት። አምስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ። አንቀጽ 11ን ጠቅሰዋል፣ የድንጋዩን ፎቶ አያይዘዋል፣ ሠላሳ ስድስት ወላጆች ፈርመዋል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መዝገብ ቤት አስገብተን ቀኑ ያለበት ማኅተም የተመታበትን ኮፒ ተቀብለናል። የምትመዘግበው ልጅ ተማሪዬ የነበረች ናት፣ ስታየኝ ተነስታ «ቲቸር አብሽር፣ እኔ እከታተለዋለሁ» አለችኝ። ሠላሳው ቀን የሚሞላው ጥር መገባደጃ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በጠዋት ጨፋ እንወርዳለን፣ ሁለት መነጽር ተውሰናል፣ ደብተሩ ላይ ለነጩ ሽመላ አንድ ዓምድ፣ ለጋጋኖ አንድ ዓምድ፣ ለላሞቹም አንድ ዓምድ ተሰምሯል።